መርከቧ ስትገለበጥ

ያ ዓርብ እንደ ሌሎቹ ዓርቦች ነበር። ከጁምዓ ስንመለስ ስልኩን ከአባቴ ተቀብዬ ወደ ገንዳው ሄድኩ። በግቢያችን ኔትወርክ ያለው እዚያ ብቻ ነው፤ በረቱ አጠገብ፣ ከብቶቹ ውኃ የሚጠጡበት የብረት ገንዳ ጋ። ሌላ ቦታ ቆሞ የሚያወራ ሰው ድምፁ ይቆራረጣል። የገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ ያለ ግን ዓረብ አገር ካለው ወንድሜ ጋር ትከሻ ለትከሻ የሚያወራ ይመስለዋል። ምክንያቱን አላውቅም። ጎረቤቶቻችን «እሱ የሠራው አይደል፣ ይጠራዋል» ይሉ ነበር።

ገንዳውን ወንድሜ የሠራው መርሳ ከተማ ብየዳ በሚማርበት ጊዜ ነው። ከወልድያ ለበር መሥሪያ ከመጣ ላሜራ የተረፈውን ለምኖ ወሰደ። ላሜራው ስላልበቃው አንዱን ጫፍ አጠበበው፤ ሹል አፍንጫ ሆነ። ብየዳውን ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳያቋርጥ ስለለቀቀው ብረቱ በሙቀት ተጣመመና ገንዳው በሙሉ ወደ አንድ ጎን ዞረ። በአህያ ጋሪ ጭኖት ከመርሳ ሲመጣ መንገድ ዳር የቆሙት «የነቢ ኑሕ መርከብ መጣች! እንስሶቹስ የት አሉ?» ብለው ሳቁበት። ከዚያ ወዲህ ስሟ መርከቧ ሆነ። እናቴ እንኳ ጠዋት ጠዋት «መርከቧ ደርቃለች፣ ውኃ ጨምርባት» ነበር የምትለኝ።

ወንድሜን አያ ነው የምለው። ታላቄ ነው። ነበር። ይህችን «ነበር» ስጽፍ አሁንም እጄ ይቆማል። የጻፍኩት ሁሉ እንዲህ እየቆመ የሄደ ነው። ትምህርቴን ከአሥረኛ ክፍል በላይ አልገፋሁም፤ ጽሑፍም ልማዴ አይደለም። የምጽፈው ግን ወንድሜን በየስብሰባው ባሕር ውስጥ የሚያሰጥሙት ሰዎች እስካሁን ስላላቆሙ ነው። አያ ባሕር ውስጥ አልሞተም። ይህን አንድ ቦታ ላይ ተጽፎ ማየት እፈልጋለሁ።

በዚያ ዓርብ ደወለ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አያ።»

«ወአለይኩሙ ሰላም። መርከቧ እንዴት ናት?» ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሷን ነበር።

«ታፈሳለች።»

«ከአፍንጫዋ?»

«ከአፍንጫዋ።»

ሳቀ። «የኔዋ አታፈስም፣ ወላሂ። የኔዋን ከውስጥ በነፋስ ነፍተው ከውጭ በሳሙና ውኃ እየቀቡ ነው የሚፈትሿት። አረፋ ካወጣች እዚያ ጋ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። እስካሁን አንድም አረፋ አላወጣችብኝም።»

«የኔዋ» የሚላት እውነተኛ መርከብ ነበረች። ዓረብ አገር፣ ባሕር ዳር ባለ የመርከብ መሥሪያ ግቢ ውስጥ በያጅ ሆኖ ተቀጥሮ ነበር። የሚሠሩት የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች የሚጠቀሙባትን የቅኝት መርከብ ነው። መጀመሪያ እኔም አላመንኩትም። ከእኛ አገር የሄደ ሁሉ «ኩባንያ ውስጥ ነኝ» ይላል፤ በኋላ ስትሰማ ፍየል ሲጠብቅ ነው የከረመው። እሱም መጀመሪያ ፍየል ጠብቋል። አልደበቀንም። ከዚያ አንድ ጋራዥ ገባ፣ ከጋራዡ አንድ ሰው አይቶት ወደ መርከቡ ግቢ ወሰደው።

አባቴ ግን ከመጀመሪያው ቀን አምኖታል። ችግሩ ለሰው ማስረዳት አለመቻሉ ነበር። መርሳ ገበያ ላይ «ልጅዎ ዓረብ አገር ምን ይሠራል?» ሲሉት፣ «የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ላይ ነው» ይላል።

«አሃ! ዘበኛ ሆነ?»

«ዘበኛ አይደለም። የዘበኞቹን መርከብ ነው የሚሠራው።»

«እሺ አባባ። የኔም ልጅ አውሮፕላን ነው የሚሠራው፣ በትርፍ ሰዓቱ።»

አባቴ እንዲህ ያለ ቀን ቤት ሲገባ እንኳን ራቱን ሊበላ፣ ጫማውንም ሳያወልቅ ይተኛ ነበር።

በዚያ ዓርብ አያ ደስ ብሎት ነበር የደወለው። «ነገ ትገለበጣለች» አለኝ።

ደነገጥኩ። «ማን?»

«መርከቧ ናታ። ምን ያስደነግጥሃል? ስንት ጊዜ ነግሬህ!»

ነግሮኝ አያውቅም። ይህንንም ስነግረው «እንግዲያ ስማ» ብሎ ጀመረ። መርከቢቱ በአንድ ጊዜ አትሠራም አለ። ሥዕሏ ከሌላ አገር በኮምፒውተር ነው የሚመጣው። ብረቱን ማሽን ይቆርጠዋል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ የት እንደሚገባ ተጽፎበት ይመጣል። ከዚያ በክፍል በክፍል ይሠሯታል፤ የኋላዋን አንዱ ቡድን፣ የመሐሏን ሌላው። የአያ ቡድን የያዘው የፊቷን ነው፤ ማዕበሉን የሚሰነጥቀውን። ይህንን ክፍል ደግሞ የሚሠሩት በአፉ ደፍተው ነው። ሰው የሚቆምበትን ወለል ከታች ያደርጋሉ፣ በላዩ የጎድን አጥንቶቿን ያቆማሉ፣ በአጥንቶቿ ላይ ላሜራውን ያለብሳሉ። ውኃ ውስጥ የሚገባው ሆዷ ሰማይ ሰማይ እያየ ነው የሚያልቀው።

«ለምን?» አልኩት።

«ቀልጦ የሚፈሰው ብረት ወዴት ይሄዳል?»

«ወደ ታች።»

«በቃ። ሆዷ ከላይ ከሆነ ቆመህ ትበይዳለህ፣ ብረቱም እቦታው ይቀመጥልሃል። ቀጥ አድርገህ ብታቆማት ከሥሯ በጀርባህ ተኝተህ ነው፤ እሳቱ አንገትህ ውስጥ ይገባል። ስትጨርስ በክሬን አንስተህ ትገለብጣታለህ። ያኔ መርከብ ትሆናለች። እስከዚያ ድረስ የቤት ጣሪያ ነው የምትመስለው፣ የኛ ዛኒጋባ።»

ስለ ብየዳውም ነገረኝ። የእኛ ገንዳ ለምን እንደተጣመመ የገባው እዚያ ሄዶ ነው። ከመሐል ጀምረህ ትንሽ ትበይዳለህ፣ ትተወዋለህ፤ ወደ ማዶ ዞረህ ትንሽ ትበይዳለህ፣ እንደገና ትተወዋለህ። ሙቀቱ አንድ ቦታ እንዳይጠራቀም። «ብረት አንድ ጎኑን ብቻ ካሞቅከው ያኮርፍሃል» አለ። አፍንጫዋ ሹል የሆነው መርከቧ በፍጥነት ስትሄድ ውኃው ላይ እየተነሳች እንዳትፈጠፈጥ፣ የውስጥ ሰው ወገቡ እንዳይሰበር ነው አለ። የኋላዋ ላይ ደግሞ እንደ ሸርተቴ የሆነ መውረጃ አለ፤ አንዲት ፈጣን ትንሽ ጀልባ እዚያ ላይ ትቀመጣለች። ትልቋ ሳትቆም ትንሿ ተንሸራታ ትወርዳለች።

«ለምን?» አልኩት አሁንም።

«ለመያዝ።»

«ማንን?»

 ኔትወርኩ የጠፋ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ» አለ። «አንዲት ክፍል አለች ከታች። መስኮት የላትም። አግዳሚ ወንበር ከግድግዳው ጋር የተበየደባት፣ ከወለሉ ላይ የብረት ቀለበት ያላት። ወንበሮቹን እኔ ነኝ የበየድኳቸው። ፎርማኑን ለምንድን ናቸው ብዬ ስጠይቀው ‹ለእናንተ› ብሎኝ ሳቀ።»

 

«የወንበሮቹን ጠርዝ በግራይንደር አድቦለቦልኩት» አለ። «ሥዕሉ ላይ የለም። ግን ማዕበል ሲመታ ሰው ቅልጥሙ እዚያ ጠርዝ ላይ ነው የሚያርፈው። ፎርማኑ ‹ሥራ ትፈታለህ› ብሎ ጮኸብኝ። ይጩህ።»

ከዚያ ስለ ማሽላው ጠየቀኝ። አጨዳው ነገ በደቦ እንደሆነ ነገርኩት። «እንግዲያ እኔም ነገ አለኝ፣ እናንተም ነገ አላችሁ» አለ። «ስትገለበጥ እደውላለሁ። ከብቶቹን አጠጣ እንግዲህ።»

ይህ ነው። ሌላ የተለየ ነገር አልተናገረም። ሰው ሊሞት ሲል ልብ የሚነካ ነገር ይናገራል ይላሉ። አያ ከብቶቹን አጠጣ ነው ያለኝ። ሄጄ አጠጣኋቸው።

ቅዳሜ ማሽላ ላይ ነበርን። ደቦው ሙሉ ነበር፤ ሴቶቹ ምግብ ይዘው ከወረዱ በኋላ ሁሉም ከዛፍ ጥላ ሥር ተሰብስቦ ነበር። ስልኩ አባቴ ኪስ ውስጥ ጮኸ። አባቴ እጁ በማሽላ ገለባ ተላልጦ ስለነበር ስልኩን አጠገቡ ለተቀመጠው ጎረቤታችን ሰጠው። ይህ ጎረቤታችን በሰፈሩ «ተመላሹ» ነው የሚባለው። ከአያ በኋላ ሄዶ፣ ባሕር ላይ ተይዞ የተመለሰ ነው። ስልክ ያውቃል። «ሁላችሁም ስሙት፣ የመርከቡ ኢንጂነር ነው» ብሎ ድምፁን ለቀቀው። ሰው ሳቀ።

አያ አልነበረም። አብሮት የሚሠራ የራያ ልጅ ነው። እያለቀሰ ነበር። የተሰማው ይህ ብቻ ነው፦

«መርከቧ ስትገለበጥ ነው… አባባ፣ መርከቧ ስትገለበጥ… አላህ ይዘንለት…»

ከዚያ ጠፋ። ማሳው ላይ ኔትወርክ የለም፤ እስከዚያ መድረሱም ይገርማል።

መጀመሪያ የጮኸችው እናቴ ናት። ከዚያ ሁሉም ጮኸ። አባቴ ተቀምጦ በነበረበት ቀረ፤ የማሽላ ራስ በእጁ እንደያዘ። ሰዎቹ «ባሕር! ባሕር በላው!» እያሉ ደረታቸውን ይመታሉ። እኔ ግን ስትገለበጥ የሚለውን ቃል ከሁሉም በተለየ ነው የሰማሁት። አንድ ቀን ብቻ ቀድሜ ነው የተማርኩት። ሌሎቹ መርከብ ተገለበጠች ሲባል የሚያውቁት በሬዲዮ የሚሰሙትን ነው፤ ሰው ጭና ስትሄድ ሌሊት ማዕበል የሚመታትን።

«ደረቅ ላይ ነው!» አልኩ። «ባሕር አይደለም። በክሬን ነው የሚገለብጧት፣ በአፏ ተደፍታ ነው የምትሠራው…»

ተመላሹ ትከሻዬን ያዘኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። «ወንድሜ፣ መርከብ ደረቅ ላይ ይገለበጣል እንዴ? እንዴት እንደሚገለበጥ እኔን ጠይቀኝ። ወደ ሌላ አገር ሊሻገር ተነስቶ ይሆናል። መርከብ እሠራለሁ የሚለውን ተወው። ሁላችንም ብለናል እኮ። እናት እንዳትጨነቅ ነው።»

ከዚያ በኋላ የኔን ወሬ የሚሰማ ጠፋ። ለደቦ የመጣው ሰው እንዳለ ለለቅሶ ወደ ቤታችን ወጣ። ለአጫጆቹ የተዘጋጀውን ምግብ ለቀስተኛው በላው። ይህንን ማሰብ አልወድም፤ ግን የሆነው እንዲህ ነው።

ሼሁ መጥተው ዱዓ አደረጉ። እናቴ መሬት ላይ እየተንከባለለች «ጨው ውኃ ጠጥቶ! ልጄ ጨው ውኃ ጠጥቶ!» ትል ነበር። ሼሁ አጠገቧ ተቀመጡ። «ስሚኝ ልጄ» አሏት፣ «ውኃ የወሰደው ሰው ሸሂድ ነው፣ ሰማዕት። በሃይማኖታችን ሸሂድ ነው የሚባለው። ልጅሽ ሸሂድ ሆነ። አታልቅሽበት፣ ዱዓ አድርጊለት።» ደጋግመው ነገሯት። እናቴ ቀስ በቀስ ዝም አለች። «ሸሂድ ነው?» ትላለች። «ሸሂድ ነው» ይሏታል። እንደ ሕፃን በዚያው ቃል ላይ አረፈች።

አባቴን ወደ በረቱ ወስጄ ሁሉንም ነገርኩት፤ የሆዷን፣ የክሬኑን፣ «ነገ ትገለበጣለች» ያለኝን። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ «ተው ልጄ» አለኝ።

«አባባ፣ እውነቱ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። ማን አመነው ከኔ በቀር? ግን እናትህን እያት። የተኛችበትን ነገር ከሥሯ አትጎትትባት። ባሕር ይበላው። ምን ይጨምራል፣ ምን ይቀንሳል?»

 ምን እንደሚቀንስ ግን አውቅ ነበር። አያ ባሕሩን ተሻግሮት ነበር። ሌሊት፣ በጀልባ፣ ሰው በሰው ላይ ተነባብሮ። ባሕሩ አሳልፎታል። ከዚያ በኋላ ያገኘው ነገር ሁሉ፣ የማይጣመም ብየዳው፣ አረፋ የማታወጣው መርከቡ፣ ያ ሁሉ ከእሱ ተወስዶ አንድ ያልታደለ ተሳፋሪ ሊሆን ነው። ሬሳውን እንኳ አላገኘንም። የሚቀረን የሠራው ሥራ ብቻ ነበር። እሱንም ውኃ ሊወስደው።

እሑድ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ስልኩን ይዤ ገንዳው ጋ ሄድኩ። ለራያው ልጅ ሚስኮል አደረግኩለት። ወዲያው መልሶ ደወለ። አሁን ሁሉም በደንብ ተሰማ።

የፊቷን ክፍል በሁለት ክሬን አነሷት አለ። እንድትያዝ ከጎኖቿ ላይ የብረት ጆሮዎች ተበይደውላት ነበር። አያ ከታች ሆኖ እንዳትወዛወዝ በገመድ ከሚይዟት አንዱ ነበር። ግማሽ እንደዞረች ነፋስ ገፋት፣ አንዱ ጆሮ ተገነጠለ፣ አፍንጫዋ ዞሮ መጣ። ሌሎቹ ሮጡ። አያ ገመዱን አልለቀቀም ወይ አልቻለም፣ እሱን አላየሁም አለ። የዚያኑ ቀን ከአስር ሶላት በኋላ ቀበሩት። መቃብሩን አውቀዋለሁ አለ።

«ጆሮውን የበየደው ማን ነው?» አልኩት።

«የማንም ይሁን» አለ። ቀጥሎ፣ «አለቆቹ የእሱ ነው ይላሉ። ለሞተ ሰው ማን ይከራከራል?»

«መርከቧስ?»

ይህን ለምን እንደጠየቅኩ አላውቅም።

«ማታውኑ ሌላ ክሬን አምጥተው አቆሟት። አሁን ቆማለች። ከዚህ ትታየኛለች። ምንም አልሆነችም፣ ትንሽ ተጭራለች።»

ፀሐይ ስትወጣ ለቀስተኛው እንደገና ተሰበሰበ። የቀበሌያችን ሊቀመንበርም መጣ። ከወረዳ የመጣ አንድ ሰውም አብሮት ነበር። ሊቀመንበሩ መጀመሪያ እንደ ሰው አለቀሰ፤ አያን ከልጅነቱ ያውቀዋል። ከዚያ ከወረዳ የመጣውን ሰው አየት አድርጎ ቆመና ንግግር ጀመረ።

«ይህንን ወንድማችንን ያጣነው በሕገወጥ ስደት ነው። ደላላ አታሎት፣ በሕገወጥ ጀልባ ተሳፍሮ፣ ጀልባዋ ተገልብጣ ባሕር በልቶታል። ወጣቶች፣ ከዚህ ተማሩ! አገር ውስጥ ተደራጅቶ ሠርቶ መለወጥ እየተቻለ…»

ተደራጅቶ። አያ ተደራጅቶ ነበር። መርሳ ላይ ከጓደኞቹ ጋር በማኅበር ሼድ ተሰጥቷቸው ነበር። በተሰጣቸው ቀን ይኸው ሊቀመንበር አጨብጭቧል። ከዚያ መብራት ጠፋ። ሲመጣም ኃይል ስለሌለው የብየዳው ኤሌክትሮድ ብረቱ ላይ ይጣበቃል እንጂ አያቀልጥም። ወሩን ሙሉ ቁጭ ብለው መብራት ይጠብቁ ነበር። በኋላ «ሥራ ላይ አልተገኛችሁም» ተብሎ ሼዱ ለሌላ ማኅበር ተሰጠ። ያ ማኅበር ምን እንደሚሠራ እስከ ዛሬ አላየሁም። በሩ ላይ ትልቅ ቁልፍ አለ። በሩን የሠራው አያ ነው።

ይህንን ልናገር ነበር የተነሳሁት። አፌ ግን እምቢ አለኝ። እኔ ሰው ፊት ስቆም ቃል ይጠፋብኛል። ስለዚህ ወደ በረቱ ሄድኩ። ገንዳዋ እስከ አፏ ሞልታ ነበር፤ ጠዋት እኔው ነኝ የሞላኋት። መያዣ ጆሮዋን ያዝኩና በትከሻዬ ገፋኋት። ውኃው በሙሉ በግቢው ፈሰሰ። ሴቶቹ ቀሚሳቸውን እየሰበሰቡ ተነሱ። አንዷ «ያ ረቢ፣ ልጁ አበደ» አለች። በአፏ ገለበጥኳት፣ አፍንጫዋን ወደ ሰው አድርጌ።

«እንዲህ ናት» አልኩ። «እንዲህ ተኝታ ነው የምትሠራው።»

ሊቀመንበሩ ንግግሩን አቆመ። እኔ ያንን ሹል አፍንጫ እየነካሁ እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። ሆዷ ለምን ከላይ እንደሚሆን። ብየዳው ከመሐል እንደሚጀመር። ጆሮዎቹን። ክሬኑን። ነፋሱን። «ባሕር ላይ አይደለም። ደረቅ ላይ ነው። የሠራት መርከብ ናት የመታችው። ባሕርማ አሳልፎት ነበር።»

 እናቴ ናት ቀና ያለችው።

«ውኃ አልጠጣም?» አለች።

«አልጠጣም እማዬ።»

«አንድም ጉንጭ?»

«ደረቅ ላይ ነው እማዬ።»

ወደ ሼሁ ዞረች። «እንግዲያ ሸሂድ አይደለማ» አለች። ድምፅዋ ቀጥ ያለ ነበር፤ ከጩኸቷ ይልቅ እሱ አስፈራኝ። አባቴ እኔን ሳያየኝ መሬት መሬት ያይ ነበር።

ሼሁ ጢማቸውን ይዘው ቆዩ። «ነው» አሉ በመጨረሻ። «ነገር የተደረመሰበትም፣ የወደቀበትም ሸሂድ ነው። እሱም በሃይማኖታችን አለ። ውኃ የወሰደው ብቻ አይደለም።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

እናቴ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ከዚያ ተነስታ መጥታ የገንዳውን ሆድ በእጇ ዳሰሰችው፤ እርጥብ ነበር። መታጠፊያው ላይ እጇን አሳረፈች። «እዚህ ጋ ነው የመታችው?» አለች። አፍንጫዋ ነው አልኳት።

ያን ጊዜ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። አምነውኛል። ፊታቸው ላይ አየሁት፤ ዘበኛ ሆነ ብለው በአባቴ ይስቁበት የነበሩት ሁሉ አመኑ። የዚህን ጊዜ ግን ተመላሹ ከተቀመጠበት ተነሳ።

«ቆይ» አለ። «የጠረፍ ጠባቂ መርከብ ነው ያልከው?»

«አዎ።»

«ግራጫ? ከኋላዋ ትንሽ ጀልባ የምታስወርድ?»

«አዎ።»

«ከታች መስኮት የሌላት ክፍል ያለቻት።»

መልስ መስጠት አልነበረብኝም። ሰጠሁ። «አለቻት።»

ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰበሰበ። ቅልጥሙ ላይ ረጅም ጠባሳ አለ። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ከየት እንደመጣ ግን ጠይቀነው አናውቅም። «እንዲህ ያለችዋ ናት የያዘችን» አለ። «ውኃ ጠማን ብለን ብረቱን ስንደበድብ የሚከፍት አልነበረም። እና ወንድምህ ነው እሷን የሚሠራው? እኛን እያደኑ ለሚይዙት?»

«የወንበሮቹን ጠርዝ በግራይንደር አድቦልቡሎታል» አልኩ። «እንዳይቆርጣችሁ። ሥዕሉ ላይ የለም። ከራሱ ነው። ጮኸውበታል።»

ተመላሹ አየኝ። ትናንት ያለቀሰበት ዓይን አልነበረም።

«ጠርዙን» አለ። «ጎሽ! ጠርዙን አሳምሮልናል።»

ሱሪውን ለቀቀና ከግቢው ወጣ። አጎቱና ሚስቱ ተከትለውት ወጡ። ሌሎችም፣ ልጅ የላኩ፣ ወንድም የላኩ፣ አንድ በአንድ ተነሱ። ማንም አልተሳደበም። «አላህ ያጥናችሁ» እያሉ ነው የወጡት። ትናንት ግን ሲሉት እጃችንን ይዘው ነበር።

ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ያም ሆነ ይህ» አለ ከወረዳ ለመጣው ሰው፣ «ሕገወጥ ስደት ነው።» ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ እነሱም ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ነበራቸው። ሊቀመንበሩ እዚያም «ባሕር በላው» እንዳለ ሰማሁ።

ከብቶቹ ከበረቱ ወጥተው ቆመው ነበር። ጠምቷቸዋል። ገንዳዋ በአፏ ተደፍታለች፤ አንዷ ጊደር እርጥቡን ብረት ትልሳለች። ላቃናት ጎንበስ አልኩ፤ ስትገለበጥ ቀላል ነበረች፣ ስትመለስ ግን አልችል አልኩ። አባቴ መጣ። ተቆጥቶኝ ነበር። በማዶ በኩል ቆመ።

«ጆሮዋ የቱ ጋ ነው?» አለኝ።

አሳየሁት። ያዘው፣ እጁ የትናንቱ የማሽላ ገለባ የላጠው ነው። ከማንሳቱ በፊት ጆሮውን ጠበቅ አድርጎ ነቀነቀው፤ ብየዳውን ዙሪያውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። የልጁ የመጀመሪያ ብየዳ ነው፤ ወፍራምና ጎርባጣ። ይይዝ እንደሆን እያየ መሆኑ ገባኝ።

«ይይዛል» አለ።

አነሳናት። ጆሮው ያዘ። ቀና ብላ በቦታዋ ተቀመጠች። ጀሪካኖቹን ይዤ ወደ ቧንቧው ወረድኩ፣ ተመላልሼ እንደገና ሞላኋት። ከብቶቹ ከበቧት። ወዲያው እንደልማዷ ከአፍንጫዋ ማፍሰስ ጀመረች።